ካንሰር እየታከሙ ያሉ አዛውንት ክብደት ሲቀንሱ፦ በቤት የሚሠራ የክትትልና የአመጋገብ መመሪያ

«አባቴ ኬሞ ከጀመሩ ወዲህ ምግብ አልወርድ አላቸው፤ ምን ልስጣቸው?» የሚለው ጥያቄ ሳያሰልስ ይመጣል። መልሱ ግን ከምግብ ዝርዝር አይጀምርም። ምን ይብሉ ከመባሉ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፤ ስንት ኪሎ ቀነሱ፣ ምግቡንስ ያስጠላቸው ምንድን ነው? የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ በሰዓቱ ያልተሰጣቸውን ሰው ምንም ዓይነት ጣፋጭ ምግብ አያስበላቸውም። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ላልቶ ድዳቸውን የሚያቆስላቸውንም «ትንሽ ይጨምሩ» እያሉ መለመን አይጠቅማቸውም።

መመሪያው የተጻፈው ታማሚውን ቤት ውስጥ ለምትንከባከቡ ነው። ታማሚው ራሳችሁ ከሆናችሁም ደረጃዎቹ ያው ናቸው፤ የሚመዝንና የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ አግዟችሁ ይሥራ።

አዛውንት ላይ የሚብስበት ምክንያት አለው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይሳሳል፤ ረሃብና ጥማትም እንደ ድሮው አይሰሙም። በዚያ ላይ ካንሰሩ በሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሰው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ጡንቻን ይበላል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ወጣት በአንድ የኬሞ ዙር የቀነሰውን ሁለት ሦስት ኪሎ በቀላሉ ይመልሳል፤ አዛውንት ግን ያጡትን ጡንቻ መልሶ መገንባት ይከብዳቸዋል። ክብደት በጣም ሲወርድ የመድኃኒቱ ጉዳት ይበረታል፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ዙሩ ይራዘማል፤ መውደቅና ኢንፌክሽንም ይበዛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሰው ሚዛን፣ የ100 ግራም ልዩነት የሚያሳይ ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል
- የልብስ ሰፊ ሜትር
- ደብተርና እስክርቢቶ
- የሙቀት መለኪያ (ቴርሞሜትር)
- 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ፣ የሾርባ ማንኪያ፣ የሻይ ማንኪያ
- ትናንሽ ሳህኖች
- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳ
- ቅባቱ ያልወጣለት ወተትና የዱቄት ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ የለውዝ ቅቤ
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሙሉ ዝርዝር፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቶችም ሳይቀሩ
- የሕክምና ቡድኑ ስልክ፣ የቀንም የሌሊትም

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ቀጠሮ አይጠብቁም

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ መመሪያውን አስቀምጡና ደውሉ፣ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

- ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ። ከኬሞ በኋላ ነጭ የደም ሴል ሲያንስ ትኩሳት ብቸኛው የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ሳይደወል ትኩሳት ማውረጃ መስጠት ምልክቱን ይሸፍነዋል።
- ውሃም መድኃኒትም ለ24 ሰዓት አልረጋ ካለ።
- ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ትን ካላቸው፣ ካሳላቸው፣ ወይም ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ ሆኖ ከተንኮረኮረ።
- ተቅማጡ ከወትሮው በቀን አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ደም ካለው።
- ሆዳቸው ተነፍቶ በቁርጠት ሲያዙ፣ ሲያስመልሱ፣ ሰገራም ጋዝም አልወጣ ሲል። አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ማስቀመጫ መድኃኒት አትስጡ።
- ድንገት ግራ መጋባት፣ ሲነሡ ማዞር፣ ጠቆር ያለና ትንሽ ሽንት።
- ከአምስት ቀን በላይ ምንም ወይም እጅግ ትንሽ ብቻ ከበሉ። እንዲህ የሰነበተን ሰው ድንገት በደንብ ማብላት በደም ውስጥ ያለውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በአንዴ ያወርዳል፤ ልብንም ሊያቆም ይችላል። ምግቡ በደም ምርመራ እየታየ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሚያስፈልገው ከግማሽ ሳይበልጥ ነው የሚጀመረው። ይህ የቤት ሥራ አይደለም።

የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የልብ ድካም ሕመም ካለባቸው ከታች ያሉት የፕሮቲንና የውሃ መጠኖች በሐኪም ሳይፈቀዱ ሥራ ላይ አይዋሉ።

ደረጃ 1. መነሻ ክብደት ያዙ

ሕክምናው ሊጀመር ከሆነ ከመጀመሩ በፊት፣ ከተጀመረም ዛሬውኑ መዝኑ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሽንት ከሸኑ በኋላና ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በስስ ልብስና ያለ ጫማ። ሚዛኑ ደልዳላና ጠንካራ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ ትክክል አይሠራም። በየቀኑ መመዘን ከጭንቀት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሰውነት ውሃ ብቻውን ቁጥሩን ከቀን ቀን ያወዛውዘዋል። ለክትትል የሚጠቅመው የሳምንቱ አቅጣጫ ነው። (ሐኪሙ በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት በየቀኑ እንዲመዘኑ ካዘዘ ግን ትእዛዙ ይከበር።)

ሲቆሙ የሚንገዳገዱ ከሆነ ግድግዳ ወይም ክንዳችሁን ተደግፈው የተገኘው ቁጥር ዋጋ የለውም። በቀጠሮ ቀን የወንበር ሚዛን ጠይቁ።

የቀድሞ ክብደታቸው ካልታወቀ ከዚህ ቀደም የታከሙበትን ካርድ ፈልጉ፤ የተጻፈ ኪሎ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ካልተገኘ ቀበቶውን እዩ፦ በአጠቃቀም ብዛት የሰፋው የድሮ ቀዳዳ የትኛው ነው፣ ዛሬ የሚታሰረውስ? የሰፋ ቀለበት፣ የሚንሸራተት ሰዓት፣ ሲናገሩ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ጥርስም ያንኑ ይናገራሉ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እብጠት። የቅልጥም አጥንታቸውን ፊት በአውራ ጣት ለአሥር ሰከንድ ያህል ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ እግር ውሃ ይዟል ማለት ነው። ሆድም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሚዛኑ ባለበት ቢቆም፣ አልፎም ቢጨምር፣ ከሥር ጡንቻው እየሟሸሸ ሊሆን ይችላል። ደብተሩ ላይ ከክብደቱ አጠገብ «እብጠት አለ» ወይም «የለም» ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 2. የቀነሰውን በመቶኛ አስሉ

ኪሎ ብቻውን አይናገርም። ከ95 ኪሎ ላይ አራት ኪሎና ከ50 ኪሎ ላይ አራት ኪሎ አንድ አይደሉም። ስሌቱ ይህ ነው፦

(የቀድሞ ክብደት − የዛሬ ክብደት) ÷ የቀድሞ ክብደት × 100

ምሳሌ፦ ቁመታቸው 1.65 ሜትር የሆነ ታማሚ ከአራት ወር በፊት 68 ኪሎ ነበሩ፣ ዛሬ 63.5 ናቸው። የቀነሱት 4.5 ኪሎ ለ68 ሲካፈል 6.6 በመቶ ይመጣል። በስድስት ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ፣ ወይም ከስድስት ወር በሚበልጥ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ሳይፈልጉ መቀነስ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። እኚህ ሰው መስመሩን አልፈዋል።

ልብ በሉ፤ የእኚሁ ሰው የክብደትና ቁመት ምጣኔ (63.5 ÷ 1.65 ÷ 1.65) 23.3 ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ቢታይ ማንም አይደነግጥም። ከ70 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ከ20 በታች፣ 70 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ከ22 በታች ሲሆን ነው ምጣኔው ዝቅተኛ የሚባለው። ስለዚህ ሰውዬው ወፍራም ሆነው እንኳ መቶኛው ካለፈ ስጋት አለ። ስቡ ስለሚሸፍነው በዓይን የማይታየው የጡንቻ መሳሳት የሚታለፈው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 3. ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ

ኤምኤስቲ የሚባለው አጭር ምዘና ሁለት ጥያቄ ብቻ ስላለው ቤት ውስጥ ይሠራል።

ሀ. ሳይፈልጉ ክብደት ቀንሰዋል? አልቀነሱም 0፤ እርግጠኛ አይደሉም 2፤ ከ1 እስከ 5 ኪሎ 1፤ ከ6 እስከ 10 ኪሎ 2፤ ከ11 እስከ 15 ኪሎ 3፤ ከ15 ኪሎ በላይ 4።

ለ. ፍላጎት በመጥፋቱ የሚበሉት አንሷል? አላነሰም 0፤ አንሷል 1።

ድምሩ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስጋት ስላለ የሥነ ምግብ ባለሙያ ማየት አለበት። በምሳሌው ያሉት ሰው 1 ሲደመር 1፣ 2 ሆነዋል። ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ፤ «ትንሽ ከስተዋል» ከሚለው ይልቅ «በአራት ወር 6.6 በመቶ፣ ኤምኤስቲ 2» የሚለው ቶሎ መልስ ያገኛል።

ደረጃ 4. ባትና ወንበር

ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን መሬት አሳርፈው፣ የባታቸውን ወፍራሙን ቦታ ሳታጠብቁ በሜትር ለኩ። ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጡንቻ ማነሱን ይጠቁማል። እግሩ ያበጠ ከሆነ ልኬቱን ተዉት። በወር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ እግር ላይ ይበቃል።

ከዚያ ጀርባው ግድግዳ የተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አምስት ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ። እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ወይም ካቃታቸው የእግር ጉልበት ቀንሷል። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ከገባ ወይም ካዞራቸው አታሠሯቸው።

ደረጃ 5. የተበላውን ለሦስት ቀን መዝግቡ

ሳህን ላይ የቀረበውን ሳይሆን ሆድ የገባውን ጻፉ። ለእያንዳንዱ ምግብ «ምንም፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ሙሉ» በሉ። ከሦስቱ አንዱ ቀን የኬሞ ማግስት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዙር በኋላ ያሉት ቀናት ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይለያሉ። ከጎኑ ያስቸገራቸውን ጻፉ፦ «አቅለሸለሻቸው»፣ «በሁለት ጉርሻ ጠገቡ»፣ «ብረት ብረት አለኝ አሉ»። ይህ የጎን ማስታወሻ ለሚቀጥለው ደረጃ ከምግቡ ዝርዝር ይበልጥ ያስፈልጋል።

ደረጃ 6. የዘጋቸውን ፈልጉና ክፈቱ

እዚህ ጊዜ ስጡ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ዘሎ ወደ ዱቄትና ወደ ቫይታሚን ይሮጣል።

አፍ። በጥሩ ብርሃን አፋቸውን አስከፍታችሁ እዩ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውጣ። የቀላ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ በ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጡ፤ ከምግብ በፊትና በኋላ፣ ከመተኛታቸውም በፊት ይጉመጥመጡበትና ይትፉት እንጂ አይዋጥ። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ። አልኮል ያለው የአፍ ማጠቢያ ቁስሉን ያቃጥላል። ምላስና ጉንጭ ላይ ነጭ ንጣፍ ካለ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል በጨው አይለቅም፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጥርሱ ከላላ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ያስተካክለው፤ እስከዚያው ምግቡን አልሙት።

ማቅለሽለሽ። የታዘዘው መድኃኒት «ሲያቅለሸልሽ» ሳይሆን ምግብ ከመቅረቡ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰድ፤ አንዴ ከጀመረ ማስቆም ይከብዳል። ሜቶክሎፕራማይድ ከሆነና እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ወይም መቀመጥ መቆም ካቃታቸው ደውሉ፤ አዛውንት ላይ ይህ ጉዳቱ ይበዛል። ምግብ ሲበስል ከማእድ ቤት ራቅ ይበሉ። ሽታ የሚያስጠላቸው ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ስጡ፤ ትኩስ ምግብ ይበልጥ ይሸታል።

ጣዕም። ብረት ብረት ካላቸው የብረት ማንኪያውን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ቀይሩ። አፋቸው ካልቆሰለ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይረዳል። ከሁሉ የሚወዱትን ምግብ በኬሞው ቀን አታቅርቡ፤ አእምሮ ምግቡን ከማቅለሽለሹ ጋር ያያይዘውና ከዚያ በኋላ ሊያዩትም አይወዱ ይሆናል።

የሆድ ድርቀት። ከሚረሱት አንደኛው ይህ ነው። እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም፣ እንደ ኦንዳንሴትሮን ያሉ የማቅለሽለሽ መድኃኒቶችም አንጀት ያደርቃሉ፤ የደረቀ አንጀት ደግሞ ራሱ ያቅለሸልሻል፣ ምግብም ይዘጋል። ሞርፊን ሲጀመር የማለስለሻው መድኃኒት በዚያው ቀን እንዲታዘዝ ጠይቁ። ውሃ ሳይጨምሩ ብዙ አሠር (ፋይበር) ያለው ምግብ መስጠት ያባብሰዋል።

ተቅማጥ። የጠፋው ውሃና ጨው በኦ.አር.ኤስ. ይተካ፤ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው የውሃ መጠን አታሳንሱ፣ አታብዙም። ቅባትና ጥሬ አትክልት ለጊዜው ይቀነስ። ወተት ካባሰባቸው እርጎ ሞክሩ።

መዋጥ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኙ። ትን የሚላቸው ከሆነ የመዋጥ ባለሙያ ሳያያቸው ውሃውን በራሳችሁ ግምት አታወፍሩ፤ ትክክለኛው ውፍረት ከሰው ሰው ይለያያል።

ቶሎ መጥገብ። ምግብ ሊቀርብ ሲል ውሃ፣ ሻይና ቀጭን ሾርባ አትስጡ፤ ጠባቡን ቦታ ይይዙታል። መጠጡ በምግብ መካከል ይሁን። በጠቅላላው ለሴት ቢያንስ 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር መጠጥ በቀን ያስፈልጋል። ጥማት ስለማይሰማቸው ሲጠይቁ ብቻ መስጠት አይበቃም።

መድኃኒት። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ በተቃራኒው ምግብ ያነሰባቸው ሰው ኢንሱሊናቸውን እንደ ድሮው ከወሰዱ ስኳራቸው አደገኛ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትም ሰውነት ሲደርቅ ይበዛባቸዋል። ዝርዝሩን ይዛችሁ «ከዚህ ውስጥ አሁን የሚቀነስ ወይም የሚቆም አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዓመታት የጠበቁት የኮሌስትሮልና የጨው ክልከላ ይላላ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

ስሜትና አእምሮ። ብቻቸውን የሚበሉ፣ ያዘኑ ወይም መርሳት የጀመራቸው አዛውንት ሆዳቸው ደኅና ሆኖም ሳይበሉ ይውላሉ። አብሯቸው የሚበላ ሰው ይኑር። ድብርት ከመሰላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የሚታከም ነው።

ደረጃ 7. የቀኑን ዒላማ አውጡ

ኃይል፦ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ካሎሪ። ፕሮቲን፦ ለአንድ ኪሎ ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለ እስከ 1.5 ግራም። ለ63.5 ኪሎ ሰው ከ1,590 እስከ 1,900 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ፕሮቲኑ በመካከለኛው 1.2 ሲሰላ 76 ግራም ነው። ያበጡ ከሆነ ከእብጠቱ በፊት የነበረውን ክብደት ተጠቀሙ።

ፕሮቲኑን ቀኑን ሙሉ በታትኑት። እራት ላይ ብቻ መከመር አይበጅም፤ ያረጀ ጡንቻ ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ስለሆነ በየምግቡ በቂ መጠን ይፈልጋል።

ደረጃ 8. ሳህኑን ሳታሳድጉ ምግቡን አበልጽጉ

መሠረቱ ጠንካራ ወተት ነው። በ1 ሊትር ወተት ላይ 100 ግራም ቅባት ያለው የዱቄት ወተት ጨምሩ፦ መጀመሪያ ዱቄቱን በትንሽ ወተት እንደ ሊጥ አሹት፣ ከዚያ ቀሪውን እያፈሰሳችሁ በጥብጡ። በአንዴ ከተጨመረ ይጓጉላል፤ ጓጓላ ያለበትን ኩባያ ደግሞ ሁለተኛ አይነኩትም። ከዚህ ወተት አንድ ኩባያ (250 ሚሊ ሊትር) ወደ 13 ግራም ፕሮቲንና 260 ካሎሪ አለው፤ ያልበለጸገው ግን 8 ግራምና 155 ካሎሪ ገደማ ብቻ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩ፣ በ24 ሰዓት ጨርሱ።

ሌሎቹ መለኪያዎች፦ 1 እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲንና 70 ካሎሪ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 7 ግራምና 190 ካሎሪ፤ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራምና 115 ካሎሪ። ዘይት ጣዕሙ ሳይታወቅ ብዙ ኃይል ይጨምራል፤ ፕሮቲን ግን የለውም፣ ብቻውን አይበቃም።

የአንድ ቀን ናሙና ለ63.5 ኪሎ ሰው፦

- ሲነቁ፦ 1 ኩባያ የበለጸገ ወተት (13 ግራም)
- ቁርስ፦ 40 ግራም አጃ በ1 ኩባያ የበለጸገ ወተት የተቀቀለ፣ ከ1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ጋር (18 ግራም)
- ረፋድ፦ 1 ጠንክሮ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ ሙዝ (6 ግራም)
- ምሳ፦ 70 ግራም የበሰለና የደቀቀ ዶሮ፣ 150 ግራም የተፈጨ ድንች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት (22 ግራም)
- ከሰዓት፦ 1 ቁራጭ ለስላሳ ዳቦ ከ2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጋር (10 ግራም)
- እራት፦ ከግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር የተሠራ ወፍራም ሾርባ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት (9 ግራም)
- ሊተኙ ሲሉ፦ 150 ግራም እርጎ (5 ግራም)

ድምሩ ወደ 83 ግራም ፕሮቲንና 1,850 ካሎሪ ይጠጋል። ከዒላማው ትንሽ ያለፈው ሆን ተብሎ ነው፤ ሁሉም ሙሉ በሙሉ አይበላማ። ጠዋት ፍላጎታቸው የሚሻል ከሆነ ምሳውን ወደ ረፋድ አምጡት። ሰዓት ማክበር እዚህ ጥቅም የለውም።

ደረጃ 9. የሚጠጣ የተዘጋጀ ምግብ

ምግቡ በልጽጎም ዒላማው ካልተሞላ የሥነ ምግብ ባለሙያው የታሸገ የሚጠጣ ምግብ ያዝዛል። ከምግብ ጋር ሳይሆን በምግብ መካከል፣ ቀዝቀዝ አድርጎ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ጣዕሙ ከሰለቻቸው ቀይሩ። «ፕሮቲን» ብቻ የሚል ዱቄት የተሟላ ምግብ አይደለም፤ መለያውን አንብቡ።

ደረጃ 10. ጡንቻው እንዲሠራ አድርጉ

ያለ እንቅስቃሴ ፕሮቲን ብቻውን ጡንቻ አይገነባም። ሐኪሙ ከፈቀደ በየቀኑ አጭር የእግር ጉዞ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ በሚችሉት ብዛት። በደከሙበት ቀን አልጋ ላይ እግር ማንሣትም ይቆጠራል።

ደረጃ 11. ንጽሕና

ዶሮ እስከ ውስጡ 74 ዲግሪ ይድረስ፣ እንቁላሉ አስኳሉ ይጠንክር፣ ያልፈላና ፓስቸራይዝ ያልተደረገ (በፋብሪካ በሙቀት ጀርሙ ያልጠፋ) ወተት አይሰጥ። የተረፈ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ። በሚገባ የታጠበ ፍራፍሬ ግን ቡድኑ ካልከለከለ አትከልክሉ፤ ሁሉን ጥሬ ነገር መከልከል ኢንፌክሽን መቀነሱ አልታየም፣ የሚበሉትን ግን ያሳንሰዋል። ግሬፕፍሩት ከአንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቁ አትስጡ።

ደረጃ 12. በየሳምንቱ ወስኑ

የሳምንቱን ክብደትና መዝገብ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩ።

ክብደቱ ከቆመና አብዛኛው ሳህን ሦስት አራተኛና ከዚያ በላይ ከተበላ በያዛችሁት ቀጥሉ። በአንድ ሳምንት 2 በመቶ ከወረደ፣ ወይም ሳምንት ሙሉ ከግማሽ በታች ከበሉ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ደውሉ። ከሚያስፈልጋቸው ከ60 በመቶ በታች እየበሉ አንድ ሁለት ሳምንት ካለፈ በቱቦ ወይም በደም ሥር መመገብ እንዲታሰብ ጠይቁ። ለአንገትና ለጉሮሮ ጨረር ለሚወስዱ ይህ ጥያቄ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ይነሣ፤ ጉሮሮው ሊቆስል እንደሚችል ስለሚታወቅ ቱቦው ቀድሞ ሊታቀድ ይችላል። ክብደቱ ከሕክምናው መጀመሪያ ወዲህ 10 በመቶ ከተለወጠ ደግሞ የኬሞው መጠን እንደገና መሰላቱን ጠይቁ፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከቁመትና ከክብደት በሚገኘው የሰውነት ገጽ ስፋት ነውና።

በሽታው ገፍቶ የሕክምናው ዓላማ ምቾት ብቻ ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች አይሠሩም። ያኔ ሚዛኑ ይቀመጥ፤ የፈለጉትን፣ የፈለጉትን ያህል ይቅመሱ፤ አፋቸው አይድረቅ። በግድ ማጉረስ ትን ከማስባል በቀር አያሳድርም።

የተለመዱ ስህተቶች

«ስኳር ካንሰሩን ይመግባል» ብሎ ጣፋጭና ዳቦ መከልከል። ስኳር በመከልከል ካንሰሩን ማስራብ አይቻልም፤ ሰውነት ከራሱ ጡንቻ ስኳር ይሠራል። የሚጎዱት እሳቸው ናቸው።

«ሾርባ ጠጥተዋል» ብሎ እንደ ምግብ መቁጠር። የሥጋ ወይም የአትክልት ውሃ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ሥጋውን ወይም ምስሩን ፈጭታችሁ ሾርባው ውስጥ መልሱት።

በአልቡሚን (በደም ውስጥ ባለ ፕሮቲን) ልክ መጽናናት ወይም መደንገጥ። በደም ምርመራ ላይ የሚታየው አልቡሚን በብግነት ይወርዳል፤ ስለ አመጋገብ ብቻውን አይመሰክርም። መቶኛውና የተበላው መጠን ይበልጣሉ።

ወፍራም የነበሩ ሰው ሲቀንሱ «ጥሩ ሆነ» ማለት። በሕክምና ወቅት ሳይታሰብ የሚወርድ ክብደት በአብዛኛው ጡንቻም ይዞ ነው የሚወርደው።

ከፍተኛ መጠን ያላቸውን ቫይታሚኖችና ቅጠላ ቅጠሎች ለሐኪሙ ሳይነግሩ መስጠት። አንዳንዶቹ የኬሞውንና የጨረሩን ሥራ ሊያደናቅፉ፣ ጉበትንም ሊጎዱ ይችላሉ።

«ብሉ፣ ብሉ» እያሉ ማስጨነቅ። ሳህኑን ትንሽ አድርጋችሁ አቅርቡ፣ ካልበሉ በ20 ደቂቃ ውስጥ ያለ ወቀሳ አንሡት፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ትንሽ ነገር ይዛችሁ ተመለሱ። እንቢ ያሉትን መዝግቡ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ እንቢ የተባለ ምግብ ካለ ወደ ደረጃ 6 ተመልሳችሁ አፋቸውን እንደገና እዩ።